ልጄ ማውዝጋርዷን ካልሲዋ ውስጥ ትደብቃለች፤ በልክ ማሠራት ይሻላል?

የሰባት ቁጥር እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ማውዝጋርድ ነው የምጠይቀው፤ አፍ ውስጥ ስለሚገባው የጥርስ መከላከያ። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ባለፈው ወር አንዷ የቡድን ጓደኛዋ ከቅርጫቱ የተመለሰ ኳስ ልትይዝ ስትዘል የሌላዋ ልጅ ክርን አፏ ላይ አረፈ። የፊት ጥርሷ በሰያፍ ተሰበረ። ሜዳው ዳር ተቀምጬ ድምፁን ሰማሁት። ብርጭቆ ጠርዝ በማንኪያ ሲመታ የሚያወጣው ቀጭን ድምፅ አለ አይደል፣ እሱን ነው የሚመስለው። ከዚያ ወዲህ ክርን ከፍ ባለ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ልጄ ያገባችውን ሳላይ ጨዋታው የሚያልቅበት ቀን አለ።

በማግስቱ ሮጬ ያንን ፈላ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚነከሰውን ገዛሁላት። ነከርን፣ "ንከሺው" አልኳት፣ ነከሰችው። ችግሩ አታደርገውም። ልምምድ ሲጀመር አፏ ውስጥ ነው፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ካልሲዋ ውስጥ ነው። አዎ፣ ካልሲዋ ውስጥ። ለምን ስላት "ማሚ፣ አፌን ስከፍት ይወድቃል፣ ማውራት አልችልም፣ ትንፋሽ ያጥረኛል" ትለኛለች። አሰልጣኟን ሳነጋግረው ደግሞ "ቦክስ አይደለም እኮ፣ ካስጨነቃት ትተወው" አለኝ። አባቷ መሀል ላይ ነው፤ እኔ ስናገር ለእኔ፣ እሷ ስትናገር ለእሷ ራሱን ይነቀንቃል።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። አንደኛ፣ የጥርስ ሐኪም ጋ በልክ የሚሠራው የእውነት ይለያል ወይስ ያው ፕላስቲክ ነው? ሁለተኛ፣ ከሦስት ወር በኋላ የጥርስ ሽቦ ልታስገባ ነው። አሁን ባሠራላት ያኔ ይሆናታል?

ጡረተኛ ቡጢ፦

እህቴ፣ ልጅሽ ሰነፍ አይደለችም። ሰነፉ ማውዝጋርዱ ነው።

12 ዓመት ቦክስ ሠርቻለሁ፣ አሁን ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ማውዝጋርዱን የሚተፋ ልጅ ሳይ መጀመሪያ የምመረምረው ልጁን ሳይሆን ዕቃውን ነው። ፈተናዬ ቀላል ነው። አድርገው፣ አፍህን በሰፊው ክፈት፣ አጎንብስና ራስህን ነቅንቅ። ከወደቀ አለቀ፣ አይሆንም። ሳይነከስ በራሱ የላይኛው ጥርስ ላይ ተጣብቆ መቆም አለበት። እንዳይወድቅበት የሚነክስ ሰው አፉ ዝግ ነው፤ አፉ ዝግ ከሆነ በአፍንጫው ብቻ ነው የሚተነፍሰው፤ ሜዳውን ሦስት ጊዜ በሩጫ ተመላልሰሽ በአፍንጫሽ ብቻ ተንፍሺ ብትባዪ አንቺም ካልሲሽ ውስጥ ነበር የምትከቺው። ትንፋሽ ያጥረኛል ያለችሽ ሰበብ ፍለጋ አይደለም።

"ቦክስ አይደለም" ላለው አሰልጣኝ ደግሞ ንገሪልኝ። እኛ ቢያንስ ቡጢው ከማን እንደሚመጣ እናውቃለን፣ ፊት ለፊታችን ቆሟል። ቅርጫት ኳስ ላይ ክርኑ የሚመጣው ቀና ብለሽ ኳስ ስትጠብቂ ነው፤ አፍሽም ብዙ ጊዜ ክፍት ነው።

ቦክሰኛውም ቢሆን በአንድ ቀን አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ ለንደን ውስጥ ዎልፍ ክራውስ የሚባል የጥርስ ሐኪም ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ ቁራጭ እየሠራ የቦክሰኞች ጥርስ ላይ ያደርግ ነበር። እንዳይወድቅ ጥርስ መግጠም ግዴታ ነበር፤ እንደ ልጅሽኛው ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ረጅም ጊዜ ያለ አግባብ ብልጫ ነው ተብሎ ሲያከራክር ኖሯል። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ማይክ ማክቲግ ከጃክ ሻርኪ ጋር ሲገጥም የተሰበረ ጥርሱ የራሱን ከንፈር ቆርጦት ውድድሩ ቆመበት፣ ተሸነፈም። አስቡት፣ ሰው በገዛ ጥርሱ ሲሸነፍ!

ቀለም ስትመርጡ ደግሞ፣ እኛ ጋ በአማተር ቦክስ ቀይ አይፈቀድም። ዳኛው ደሙን ከፕላስቲኩ መለየት አለበት። ቅርጫት ኳስ ላይ ባይከለከልም እናት ስለሆንሽ ቀይ አትግዢ። ባዛጋች ቁጥር ልብሽ ይቆማል።

ልክ ወሳጅ፦

ሰላም። እኔ የጥርስ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ሐኪሙ ልክ ወስዶ ይልክልኛል፣ እኔ እሠራለሁ። ለእንጀራዬ አደላለሁ ብትሉኝ አልከፋም፣ ግን መጨረሻውን ሳታነቡ አትፍረዱ።

በመጀመሪያ የእናንተው እንዴት እንደተበላሸ ልንገርሽ። ፕላስቲኩ ሲለሰልስ "ንከሺው" አልሻት፣ እሷም እንደ ማንኛውም ሰው በሙሉ ኃይሏ ነከሰችው። ያኔ የመንጋጋ ጥርሶቿ የለሰለሰውን ወደ ጎን ገፉት። ቀዝቅዞ ሲወጣ ጎኑ ወፍራም፣ የሚነከስበት ቦታ ስስ ሆነ። አሁን ከካልሲው አውጪና የመንጋጋው ቦታ ላይ በሁለት ጣትሽ ቆንጥጪው። ጣቶችሽ ሊገናኙ ምንም ካልቀራቸው እሱ መከላከያ ሳይሆን ማስቲካ ነው።

በልክ የሚሠራው ይለያል ወይ ላልሽው፣ ይለያል። ሐኪሙ የጥርሷን ልክ በሊጥ መሰል ነገር ወይም በትንሽ ካሜራ ይወስዳል። እኔ በጄሶ የጥርሷን ግልባጭ አወጣለሁ። ከዚያ ኢቪኤ የሚባል የሚለጠጥ ፕላስቲክ ሉህ አሙቄ ጄሶው ላይ አለብሳለሁ። አየሩን ከሥር የሚመጥ ማሽን አለ፣ ከላይ በአየር ግፊት የሚጫንም አለ። እኔ ግፊቱን እመርጣለሁ። ሉህ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይሳሳል፤ በ3 ሚሊሜትር ሉህ ጀምረሽ ፊት ጥርስ ላይ 3 ሚሊሜትር አታገኚም። ስለዚህ አንዱን ሉህ በሌላው ላይ እደርባለሁ። ስጨርስ የምፈልገው በከንፈር በኩል 3 ሚሊሜትር፣ በሚነከሰው ገጽ 2፣ በላንቃ በኩል 1 ገደማ ነው። ወፍራም ሁሉ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ከ4 ሚሊሜትር በላይ ሲሄድ የሚጨምረው ጥቅም ትንሽ ነው፤ አፍ ግን ይሞላል። አፍ የሚሞላ ነገር ደግሞ ካልሲ ውስጥ ነው የሚገባው።

"ማውራት አልችልም" ያለችው የላንቃው በኩል ነው። ስትገዙት እዚያ ጋ ወፍራም ግድግዳ አለው። "ተ" እና "ሰ" ስንል ምላሳችን ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ነው የሚሄደው፤ እስቲ አሁን ሞክሪው። ቦታው ከተያዘ ምላስ ይንከራተታል። እኔ እዚያ ጋ አሳስቼ ጠርዙን እሞርደዋለሁ። የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር ለምታያይዘው ቀጭን ክርም ቦታ እቆርጥላታለሁ። ያቺን የረሳ ሰው የሠራው ማውዝጋርድ በሁለተኛው ቀን ያቆስላል። በመጨረሻ ደግሞ የታችኛው ጥርስ ሲገጥመው ግራና ቀኝ እኩል እንዲያርፍ ይስተካከላል። አገጭ ከሥር ሲመታ የታችኛው ከላይኛው ጋር እንዳይጋጭ የሚያደርገው ይሄ ነው። ሰው ስለ ፊት ጥርስ ብቻ ያስባል፣ በአገጭ ምት የሚሰነጠቅ መንጋጋ ጥርስ ግን ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ለእንጀራዬ የማይጠቅመው ክፍል። ሽቦው በሦስት ወር ውስጥ የሚገባ ከሆነ ዛሬ አታሠሪ። ሽቦ በሌለው ጥርስ ልክ የተሠራ ሽቦ ላይ አይገባም፣ ቢገባም ብረቶቹን ይነቅላል። ለእነዚህ ሦስት ወራት አዲስ በፈላ ውሃ የሚነከር ግዢና በትክክል አድርጉት። አሮጌው ከሳሳ ወዲያ አይወፍርም፣ ጣይው።

ከመንከራችሁ በፊት ደረቁን አፏ ውስጥ ሞክሪው። ከኋላ ረዝሞ የሚያስመልሳት ከሆነ በመቀስ ቁረጪው፤ ግን ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ይሸፈን። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሴኮንድ ብቻ ንከሪ፣ ብልጫ አትጨምሪ። ቶሎ ቀዝቃዛ ውሃ ነካ አድርገሽ መስታወት ፊት ይግባ። አሁን ዋናው ነገር፦ አትንከስ! ቀስ ብላ ጥርሷን ገጠም ብቻ ታድርግ። ከውጭ በከንፈሯና በጉንጯ ላይ በጣቶቿ ትጫነው፣ ከውስጥ በምላሷ ወደ ላንቃዋ ትግፋው፣ ውሃውንና አየሩን ምጥጥ ታድርግ። የሚያጣብቀው መምጠጡ ነው። ከዚያ የጡረተኛ ቡጢን ፈተና ስጪያት፣ እኔም ሱቁን ዘግቼ የምፈትነው በእሱ ነው።

ሽቦው ሲገባ ያኔ ለሐኪሙ ስፖርተኛ መሆኗን ከመጀመሪያው ቀን ንገሪው። እኛ ጄሶው ላይ ብረቶቹን በሰም ሸፍነን ጥርሶቹ የሚሄዱበት ቦታ ትተን እንሠራለን። ጥርሱ ስለሚንቀሳቀስ በየወቅቱ መታየት አለበት፤ ከአንድ በላይ ልትፈልግ ትችላለች። ያንን የሚነከረውን ዓይነት ግን ሽቦ ላይ አትሞክሩ፤ የለሰለሰው ፕላስቲክ ብረቱን ይጨብጣል። ለሽቦ ተብሎ የተሠራ ለየት ያለ አለ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ያለ ምንም መጫወትም አይሆንም። ሽቦ ያለው አፍ ሲመታ የከንፈሩ ውስጥ በብረቱ ይተለተላል።

ዝም ብዬ ተጫዋች፦

ይቅርታ ግን አልተጋነነም? 20 ዓመት እግር ኳስ ተጫውቻለሁ፣ ጥርሴ አንድም አልጎደለም። የእግር ኳስ ሕግ የሚያስገድደው መለያ፣ ቁምጣ፣ ካልሲ፣ የቅልጥም መከላከያና ጫማ ነው። ጥርስ የሚል የለበትም። ልጆቹን በፍርሃት እየጠቀለልናቸው ነው። ደግሞ ይሄን አጉርሶ ማን ይናገራል? "ሰው አለ!" ብላ ያልጮኸች ተከላካይ ምን ታደርጋለች?

በረኛው፦

ወንድሜ ዝም ብዬ ተጫዋች፣ እኔም 16 ዓመት አንድ ጥርስ አልጎደለኝም ነበር። በ17ኛው ዓመት ጎደለኝ።

የማዕዘን ምት ነበር። ኳሱ ላይ ስወድቅ የራሴ ተከላካይ ጉልበት አፌን አገኘው። የራሴ! ቀና ስል ጥርሴ ሣሩ ላይ ነበር፣ ሙሉውን ከነሥሩ። ያን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር፤ የማይታየው ከሚታየው ይበልጣል። ከዚያ ሁሉም ሊረዳኝ ተሯሯጠ፣ ሁሉም በደግነት ጥርሴን ገደለው። አንዱ ቧንቧ ሥር ወስዶ ጭቃውን በፎጣ ፈተገው። ሌላው በሶፍት ጠቀለለው። እኔ ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና ሁለተኛውን አጋማሽ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጨረስኩ። ሐኪም ጋ የደረስኩት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሶፍቱን ሲፈታ ዝም አለ። ሥሩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን በሕይወት ያለ ነገር ነው፣ ደርቆ አንድ ሰዓት ከቆየ አይድንም፣ አንተ ሁለት ሰዓት ኪስህ ውስጥ አቆየኸው አለኝ። እሱንስ እሺ፣ ጭራሽ በፎጣ ተፈትጓል። መልሶ ተከለው፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሥሩ ተበልቶ ተበልቶ ወደቀ። አሁን ያለው ሰው ሠራሽ ነው።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። የወደቀ ጥርስ በነጩ በኩል ይያዛል፣ ሥሩ አይነካም። ከቆሸሸ በወተት ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ለጥቂት ሴኮንድ ለቅለቅ ነው፣ ፍተጋ የለም። ድፍረት ካላችሁ እዚያው ቦታው መልሳችሁ ንጹሕ ጨርቅ አስነክሱት፤ ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው። ካልሆነ ወተት ውስጥ። ውሃ ውስጥ አይቀመጥም፣ ሶፍት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ከዚያ እግር ወዳመራው የጥርስ ሐኪም ሩጫ ነው፣ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው። እሱ ከጎረቤት ጥርሶች ጋር በቀጭን ተጣጣፊ ሽቦ ለሁለት ሳምንት ያህል ያስረዋል። የትንሽ ልጅ የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፣ ከሥሩ የሚመጣውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል።

እናትየው፣ ያቺ የተሰበረባት ልጅ ቁራጩ ተገኝቶ ነበር? ቁራጭም አይጣልም። እርጥብ ሆኖ ከተወሰደ ብዙ ጊዜ መልሶ ማጣበቅ ይቻላል።

ስለ መጮህ ላነሳኸው፣ እኔ አሁን በልክ የተሠራ አድርጌ ነው የምቆመው። ተከላካዮቼ ብዙ ታወራለህ ብለው ያማርራሉ።

ዝም ብዬ ተጫዋች፦

እሺ የሶፍቱን አላውቅም ነበር፣ እኔም ሶፍት ነበር የማመጣው። ግን አንድ ጥያቄ። ጭንቅላት ሲመታም አንጎልን ይከላከላል ብለው የሚሸጡት ነገር አለ፣ እውነት ነው?

ልክ ወሳጅ፦

እኔ ለጥርስ፣ ለከንፈርና ለመንጋጋ ነው የምሠራው፤ ለአንጎል ዋስትና ብዬ ለማንም አልሰጥም። በራግቢ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወቱት ውስጡ መለኪያ ያለበት ማውዝጋርድ ያደርጋሉ። ያ የምቱን ኃይል ለሕክምና ቡድኑ ይናገራል እንጂ ምቱን አያስቀርም። ማውዝጋርድ አድርጌያለሁና ጭንቅላቴን ልስጥ የሚል ልጅ ካያችሁ ያወልቅ።

ለጥርስ ግን፣ ኒውዚላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ራግቢ ተጫዋቾች ላይ ግዴታ ተደረገ። ከ1995 እስከ 2003 ባለው ጊዜ ከራግቢ ጋር የተያያዘ የጥርስ ጉዳት የካሳ ጥያቄ በ43 በመቶ ቀነሰ። ይሄን ለአሰልጣኟ አንብቢለት።

የሰባት ቁጥር እናት፦

ሦስት ሳምንት ጠፍቼ ነው፣ ይቅርታ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

አሮጌውን ቆነጠጥኩት፤ ጣቶቼ ሊነካኩ ደርሰው ነበር። እሱን ጥዬ አዲስ ገዛሁ። መስታወት ፊት ቆመን "አትንከሺ! አትንከሺ!" እያልኩ ስጮህ አባቷ ምን ሆናችሁ ብሎ ከሳሎን መጣ። የመጀመሪያው ጠመመ፤ ወረቀቱ እንደገና መንከር ይቻላል ስለሚል ደገምነው፣ ሁለተኛው ያዘ። አጎንብሳ ራሷን ነቀነቀች፣ አልወደቀም። ከዚያ እራት እስኪደርስ አድርጋው ዞረች፤ ቤት ውስጥ ትለማመደው ብዬ ነው። መጀመሪያ ምራቋ ፈሰሰ፣ ተኮላተፈች፣ ታናሽ ወንድሟ ሳቀባት። በሦስተኛው ቀን ስልክ እያወራችበት ነበር።

ቅዳሜ ጨዋታ ነበረ። ከወንበሬ ሆኜ "ግራ! ግራሽን!" ስትል ሰማኋት፣ አፏ ውስጥ እያለ። አሰልጣኙ ሁለት ሌሎች ልጆችም እንዲገዙ ነግሯቸዋል፤ ለእኔ ግን ምንም አላለኝም። ያቺ ጓደኛዋ ቁራጩ አልተገኘም ነበር፤ በሙሌት ተስተካክሎላታል። ሽቦ የሚያስገባላት ሐኪም ጋም ደውያለሁ፣ ስፖርተኛ ናት አልኩት፣ መዝግቦታል።

አሁን አዲስ ችግር አለ። ቅጣት ምት ሲወረወር ግማሹን ከአፏ አውጥታ ታኝከዋለች፣ ጎን ለጎን አንጠልጥላ። ተይ ስላት "ስቴፍን ከሪም እንዲህ ነው የሚያደርገው" አለችኝ፤ የአሜሪካውን ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማለቷ ነው። ምን ልበላት?

ልክ ወሳጅ፦

አየሽ፣ ከሪ ሲያኝክ አይቼ እኔም ቲቪው ላይ እጮሃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የአሜሪካ ሊግ (ኤንቢኤ) ፍጻሜ ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ተናዶ ማውዝጋርዱን ከመወርወሩ ይልቅ ማኘኩ ነው የሚያመኝ። የታኘከ ማውዝጋርድ ጠርዙ ይቀደዳል፣ ይላላል፣ ከዚያ ተመልሶ ካልሲ ነው። ደግሞ ክርን ቅጣት ምት ላይም ይመጣል፤ የተንጠለጠለው ምንም አይሸፍንም። በየሳምንቱ ጠርዙን እዪው፣ የጥርስ ምልክት ካለበት ከራሷ ኪስ ትግዛ።

ስትጨርስ በቀዝቃዛ ውሃና በብሩሽ ታጥቦ ቀዳዳ ባለው መያዣ ይቀመጥ። ሙቅ ውሃ የለም፣ ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ የለም፣ ቅርፁን ይረሳል። ውሻ ካላችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ውሻ የማውዝጋርድ ሽታ ይወዳል፤ በዓመት ሁለት ሦስት ሰው "ውሻው በላው" ብሎ ይመጣልኛል፣ መጀመሪያ ሰበብ ይመስለኝ ነበር።

የሰባት ቁጥር እናት፦

ድመት ነው ያለን። ለማንኛውም ከፍ አድርጌ አስቀምጫለሁ።